ኩርባ ሲመጣ ንገረኝ

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከመተማ ጎንደር፣
ሰሊጥ በጠገበች ኤፍኤስአር፣
መሪው በእሱ መዳፍ፣
መንገዱ በእኔ አፍ።

«ኩርባ ሲመጣ ንገረኝ» ይለኛል ባዘዘው፣
ጨዋታ አስመስሎ፣ ሲጋራውን በከንፈሩ ጠርዝ እንደያዘው።
እነግረዋለሁ፦ «ቀኝ። ግራ። ቀስ በል፣ በሬ አለ።»
ኬላ ላይ ሲያስቆሙን በሳቅ ይቀድማቸዋል፣ ስማቸውን እየጠራ፤
በድምፃቸው ነበር የሚለያቸው፣ ፊታቸውማ ድሮ ነው የደበዘዘው።

ዓይን ያወጣ ውሸት የሚሉት ይሄ ነው፤
የማንን ዓይን እንደሚያወጣ ነው ያላወቅነው።

ነጋዴ ባሕር ዳገት ላይ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣
አስነጠሰኝ።
አንድ እንጥሻ። ከዚያ አይበልጥም።
በዚያች ቅጽበት ግን መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም፤
የኋላው ጎማ አየር ሲረግጥ ሰማሁት፣
ጆንያዎቹ ሲያቃስቱ፣
እሱ ደግሞ በቀስታ፣ «ምነው ዝም አልክ?» ሲለኝ
ያን ሌሊት ጠላሁት።

በማግስቱ ሆስፒታል ነን።
ወረፋው ላይ አንድ ልብስ ሰፊ፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንዳቃተው ያወራል፣
አንዲት መምህርት የደብተር ቁልል ታቅፋ ትጠብቃለች፤
ባዘዘው ብቻ «እኔስ ደኅና ነኝ፣ ይሄ ልጅ ነው ያመጣኝ» ይላል።

ትርንጎ ትባላለች ምስል የምታነሳው።
«አገጭህን እዚህ። ግንባርህን አስደግፍ። አረንጓዴዋን ነጥብ ብቻ እያት።»
«ያቃጥላል?» አላት።
«ሌዘር ሲባል ሁሉም ይፈራል፤ ይሄኛው አይተኩስም፣ ያነባል።»

ብርሃኑ በብሌኑ ቀዳዳ ገባ፣
በር ሳያንኳኳ፣ ደም ሳያፈስ፣ ሳያቆስል፣
ከዳር እስከ ዳር፣ መስመር በመስመር ዳሰሰና
ወጣ፤ ባዘዘው «ጀመርሽ?» ሳይል።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጨረቃ ወጣች፣ ብርቱካን መሳይ፤
ሃምሳ አራት ዓመት ተሸክሞ አንድም ቀን ያላየው ሰማይ።
እኔ ግን አገሩን አወቅሁት።
ወደ ጎን ያለችው ብሩህ ክብ መናኸሪያው ናት፤
ከእሷ የሚነሱት ቀያይ ጅማቶች፣ አንዱ ወደ ደባርቅ፣ አንዱ ወደ አዘዞ፣
ቀጭኑ፣ ጠመዝማዛው፣ የኛው፣ የመተማ ጉዞ።
እዚህም እዚያም ጎርፍ የሰበረው፣ ደም የቋጠረ ጉድጓድ፣
ዳር ዳሩን ደግሞ ቢጫ ፍሬ፣ ብትን ብትን ያለ፣
ከተቀደደ ጆንያ በየመንገዱ እንደሚንጠባጠብ ሰሊጥ።
ለካ ስንጭን የኖርነው ከውስጥ ሲፈስ ነበር።

«ስኳር ነው» አለች ትርንጎ። «ከገባ ቆይቷል።»
ሻዩ ውስጥ ማንኪያ የሚቆምለት ሰው፣ አራት ጨምሮ አምስተኛውን የሚልስ፣
ከአፉ የጣፈጠው ዓይኑ ውስጥ መርሮ ሲመለስ፣
«ኩርባው የቱ ጋ ነው?» ብሎ ጠየቀ።
ጣቷን አሳረፈች፤ ከመሃሉ ጥቁረት፣ ከማየት እምብርት ብዙም ሳይርቅ።
«እዚህ። ገና አልደረሰም። ከታከምክ ሊቆም ይችላል።»
ቀጥላም፣ ቀና ሳትል፦ «ሥራህ ምንድን ነው?»

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፤
ሁለት ዓመት ስለፈልፍ ኖሬ አንዲት ቃል ቸገረኝ።
ኪሱን ዳሰሰ፣ ቁልፉን አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ።
«ሹፌር ነበርኩ» አለ። «ነበር»ዋን ሲላት ጥርሱ ሲፋጭ ተሰማኝ።

መንጃ ፈቃድ እስካወጣ ክረምቱ አለፈ።
አሁን መሪው ከኔ ነው፣ እሱ ከጎኔ፤
የዓይኑን ምስል አሳትሞ ከሊብሬው ጋር አጥፎ ይዞታል።
ትናንት አይከል ላይ አንድ ጀማሪ ትራፊክ ዘቅዝቆ ያየዋል፦
«ይሄ ደግሞ የየት አገር ካርታ ነው?»
«የኔ» አለው ባዘዘው። «መንገዱ ጥገና ላይ ነው።»

ተነሳን። ዳገቱ ላይ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በቃሉ፦
«ቀኝ። ግራ። ቀስ በል፣ በሬ አለ።»

በሬ አልነበረም።
ቀስ ብዬ አለፍኩ።